አበበ ቢቂላ፦ ከሮም ባዶ እግር እስከ ኖርዌይ በረዶ

አበበ ቢቂላ ሲባል ዛሬ የኳስ ደጋፊ ቶሎ ትዝ የሚለው ስታዲየም ነው። በስሙ በተሰየመው ሜዳ ስንት የሊግ ጨዋታ አይተናል፣ ስንቴ ዳኛ ረግመን ወጥተናል! ትንሽ ገፋ ካለ ደግሞ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጀግና ይባላል፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። አንገቱ ከተጎዳ በኋላ የኖረው አራት ዓመት ተኩል ግን እምብዛም አይነሳም። ዛሬ ሰፋ አድርገን የምናወራው ስለዚያ ነው።

ምክንያት አለን። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎ፣ በጠቅላላው የወለጋ ከተሞች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ሳይክል የሚነዳ ሰው ወድቆ አንገቱን ሊጎዳ ይችላል። አንገቱ ከተጎዳ ወይም ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ሲሻለው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ነገር ተመልሶ መንዳት መቻል አለመቻሉ ነው። አበበ ሳይክለኛ አልነበረም። ቢሆንም ለዚህ ጭንቀት ከእሱ ሕይወት የበለጠ መልስ ያለው የአገራችን ስፖርተኛ አናውቅም። ሰውዬው ዕቃ በሰውነት ልክ እንደሚመረጥ ከማንም ቀድሞ የገባው ሰው ነበር።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። ስሙንም ልብ በሉት። አበበ ማለት ያው አበባ አወጣ ነው፤ የአባቱን ስም ቢቂላን ደግሞ ለወለጋ አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም፣ በኦሮምኛ በቀለ ማለት ነው። በቀለ፣ ከዚያ አበበ። ልጅ ሳለ ገና ይጫወት ነበር። የድሮውን የገና ጨዋታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሁለቱ ወገን ጎሎች አንዳንዴ በኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። አሁን የመሃል ተከላካዮቻችን ከአስር ሜትር በላይ መሮጥ ሲሰለቻቸው ስናይ ትዝ የሚለን ይኸው ነው።

ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ ከተማ መሮጥን የዕለት ሥራው አደረገው። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን ጣለበት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም ሜልበርን ላይ ነው፤ በነገራችን ላይ ያ ቡድን ሯጮችን ብቻ የያዘ አልነበረም፣ እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ሳይክለኞችም ነበሩበት። አበበ ግን በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበረም። የእሱ ተራ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ሮም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እዚህ አገር ቤት ችቦና እንቁጣጣሽ ሲዘጋጅ፣ እዚያ አመሻሽ ላይ ማራቶን ተጀመረ። የባዶ እግሩ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን የድህነት ታሪክ አድርጎ ያወራዋል፤ ጫማ የሌለው ምስኪን ወታደር ዓለምን አሸነፈ እየተባለ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጫማ ቀርቦለት ነበር። አዲዳስ ለሯጮቹ ጫማ ያቀርብ ነበር፣ አበበ ሊመርጥ ሲሄድ ግን የተረፉት ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም እግሩን የሚመቸው አላገኘም። ያልተመቸ ጫማ አድርጎ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር መሮጥ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ለእሱ ማንም ሊነግረው አይችልም። በባዶ እግር መሮጥ የለመደው ነገር ነበር። ስለዚህ ትቶት ወጣ።

ይህቺን ውሳኔ በቀላሉ አትለፏት። ኦሎምፒክ ነው፣ የዓለም ሕዝብ ያያል፣ ሁሉም ሯጭ ተጫምቷል። ብዙዎቻችን ብንሆን ሰው ምን ይላል ብለን የጠበበውን እናጠልቅ ነበር። አበበ የሰማው እግሩን ነው።

በሩጫው ላይ አንዲት አስቂኝ ነገር ተፈጥራለች። ዋነኛው ተፎካካሪ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር እንደሚለብስ ለአበበ ተነግሮታል። ራዲ ግን ያን ዕለት የለበሰው 185 ነው። አበበ 26 ቁጥርን ፍለጋ ፊት ፊቱን እያየ ይሮጣል፤ ራዲ ደግሞ አጠገቡ ነው! ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተው፣ ችቦ በበራበት ጥንታዊ የሮም ጎዳና ትከሻ ለትከሻ ሄዱ። መጨረሻው ሲቃረብ፣ በወረራው ዘመን ከአገራችን ተወስዶ ሮም ላይ የቆመው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርሱ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። (ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም ነው።) ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። በዓለም እስከዚያ ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ ሰዓት ሆነ። ኢትዮጵያ አዲሱን ዓመት በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቋ ተቀበለች።

ቶኪዮ ላይ የሆነው ደግሞ ከሮም ይከብዳል እንላለን። ውድድሩ ሊካሄድ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ጣለው። ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም በቀዶ ጥገና ወጣለት። ጥቅምት 11 ቀን ቶኪዮ ላይ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ የሚመቸው ጫማ ነበረውና ተጫምቶ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ! ሁለተኛው እንግሊዛዊ እስኪደርስ ከአራት ደቂቃ በላይ ስለነበር አበበ ሣሩ ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ጠበቀው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲመለስ ከተሰጡት ሽልማቶች መካከል አንድ ቮልስዋገን መኪና ነበረች። የዛሬው ወሬያችን የሚዞረው በዚያች መኪና ላይ ነው።

በመሃል ሰውነቱ እምቢ ማለት ጀምሮ ነበር። በ1959 ዓ.ም ክረምት ስፔን ዛራውዝ ላይ የኋላ ጭኑ ጅማት ተጎድቶ አቋረጠ። ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም፣ እግሩ ታሞ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቆመ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በሕይወቱ ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን ያሸነፈ ሰው ነው፣ ጀምሮ ያልጨረሰው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። ሜክሲኮ ላይ መሰለፍ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር አሁንም ድረስ ሽማግሌዎቹን ያነታርካል። እኛ ግን ያቋረጠበት ቦታ ትክክል ነበር ባይ ነን።

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ምሽት፣ ሻምበል አበበ ቮልስዋገኗን ሲነዳ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጥታ ተገለበጠች። ውስጧ ተይዞ አደረ። ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ ተጎድቷል። ከአንገቱ በታች እጁም እግሩም አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ እናቁም። አንገት ውስጥ ሰባት አከርካሪ አጥንቶች አሉ። በመሃላቸው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ አንጎል ለእጅና ለእግር፣ ለትንፋሽ ጡንቻም ሳይቀር ትእዛዝ የሚልክበት ገመድ ማለት ነው። አጥንቱ ቢሰበርም ገመዱ ካልተነካ ሰው ድኖ ይሄዳል። ገመዱ ከተጨፈለቀ ደግሞ ያው ነው፤ ከጉዳቱ ቦታ በታች ያለው ሁሉ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሚሊ ሜትር ነው።

የኳስ ሰው ከሆናችሁ የበርት ትራውትማንን ታሪክ ታውቁት ይሆናል። ጀርመናዊው የማንቸስተር ሲቲ በረኛ እ.ኤ.አ በ1956 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ከበርሚንግሃም አጥቂ ጋር ተጋጨ፤ ያኔ ቅያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ አንገቱን ይዞ ጨረሰ፣ ዋንጫም ወሰደ። ከቀናት በኋላ ራጅ ሲነሳ የአንገቱ አጥንቶች ከቦታቸው ተናግተው አንደኛው ተሰንጥቆ ተገኘ። ኅብለ ሰረሰሩ ስላልተነካ ከወራት ሕክምና በኋላ ወደ ጎል ተመለሰ። ደጋፊው ይህን እንደ ጀግንነት ይተርከዋል፤ ዕድል ነው እንጂ። አንዲት ተጨማሪ ግጭት በቂ ነበረች። ስለዚህ ነቀምቴ ሜዳ ላይም ሆነ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ በጭንቅላቱ ወድቆ አንገቴን ካለ፣ ወይም እጄ ደነዘዘ ካለ፣ ጎትቶ ማስነሳት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ጭንቅላቱን ማወዛወዝ፣ በባጃጅ ወይም በፒካፕ ወንበር ላይ አጥፎ ማስቀመጥ የለም። ጭንቅላቱንና ደረቱን በአንድ መስመር ይዞ፣ ብዙ ሰው ሆኖ እኩል አንስቶ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ መውሰድ ነው። ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ስታስቡት ይህቺ ጥንቃቄ ዋጋዋ ይጨምራል።

ወደ አበበ እንመለስ። መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ባለችው አይልስበሪ ከተማ ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል። ይህ ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። የናዚን አገዛዝ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም እዚያ የኅብለ ሰረሰር ክፍል ከፍቶ ነበር። ያኔ አከርካሪው የተመታ ወታደር ብዙ አይኖርም ተብሎ ይተው ነበር። ገዳዩ ራሱ ስብራቱ አልነበረም፤ ከመተኛት ብዛት የሚመጣው የጎን ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፣ ከዚያም ስፖርት እንደ መድኃኒት አዘዘላቸው። እ.ኤ.አ በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኛ ወታደሮችን ዊልቸር ላይ አስቀምጦ በቀስት አወዳደራቸው። ፓራሊምፒክ የሚባለው ከዚያ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። አበበ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ሮም ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ዊልቸር ላይ ያሉ ስፖርተኞች ተሰብስበው ተወዳደሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። አበበ ያን ጊዜ አገር ቤት የጀግና አቀባበል ላይ ነበር። ከዓመታት በኋላ የእሱም ዓለም ያ እንደሚሆን ማን ይገምታል?

ስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ቆየ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠይቀውታል፤ ከመላው ዓለም ደብዳቤ ጎረፈለት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ አልተመለሱም።

እንግዲህ ለአንድ ሯጭ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ማለት ነው? እኛ መቀመጥን እንደ ዕረፍት እናየዋለን። ከወገቡ በታች ለማይሰማው ሰው ግን መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። ዊልቸሩ ሰፊ ከሆነ ሰውነት ወደ ጎን ይጋደማል፣ አከርካሪም ይጣመማል። ጠባብ ከሆነ ዳሌን ይልጣል፣ ቁስሉም ስለማይሰማ ሲታወቅ ዘግይቷል። የጀርባው መደገፊያ፣ የእግር ማሳረፊያው ከፍታ፣ የትራሱ ልስላሴ፣ ሁሉም በልክ ነው። በየጊዜው በእጅ ተደግፎ ሰውነትን ከፍ ማድረግና ክብደትን ማቀያየር የግድ ነው። ሮም ላይ የጠበበ ጫማ ቢበዛ የሚያመጣው ውሃ የቋጠረ እግር ነው። ይኸኛው ሕይወት ያስከፍላል።

ታዲያ ወደ ሳይክሉ የምንመጣው በዚህ በኩል ነው። አንገቱ ተጎድቶ ነገር ግን እጁም እግሩም የሚሠራለት፣ ወይም ሐኪም አጥንቱን በብረትና በብሎን ያያያዘለት ሰው ነቀምቴ ላይ ሳይክሉን ግድግዳ ተደግፎ ሲያየው ይጓጓል። የመጀመሪያው ነገር ግልጽ ነው። አጥንቱ መያያዙን በራጅ ያየ ሐኪም ሳይፈቅድ አይነዳም፤ መያያዙ ደግሞ ወራት ይወስዳል። የአንገት መደገፊያ አድርጎ መንዳትም ሞኝነት ነው። ከተፈቀደ በኋላ ያለው ጥያቄ ግን የሳይክሉ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የድሮ ሳይክሉን እንዳለ አውጥቶ ይወጣበታል።

የእሽቅድድም ሳይክል መሪው ዝቅ ያለና ራቅ ያለ ነው። ደረት ወደ ፊት ሲደፋ ዓይን መሬት መሬት ያያል፤ መንገዱን ለማየት ጭንቅላትን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ ይመጣል። ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሄልሜት ሲጨመርበት ደግሞ ያን ሁሉ የሚሸከመው ያ የተጎዳ አንገት ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደውን መንገድ አስቡት። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሰውነት ተደፍቶ፣ አንገት ተቀልብሶ፣ እጅ ፍሬን ላይ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይኬዳል። ጤነኛ አንገት እንኳን ማታ ላይ ያማርራል። ከዴዴሳ ወዲያ ደግሞ ዳገቱ አለ።

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይደለም። መሪውን ከፍ ማድረግ፣ ወደ ሰውዬው መቅረብ፤ ከተቻለም ጫፎቹ ወደ ኋላ የሚመለሱትን የድሮ የከተማ ሳይክል ዓይነት መሪ ማስገጠም። ወንድሞቻችን የሽማግሌ ሳይክል እያሉ የሚቀልዱበት ያ ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጠው ሳይክል ለተጎዳ አንገት ንጉሥ ነው። የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት እየተንሸራተተ ክብደቱ እጅና ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ መስተካከል አለበት። ቀጭንና ጠጣር ጎማ የኮብልስቶኑን ድንጋይ ሁሉ ቀጥታ ለአንገት ያደርሳል፤ ወፍራም ጎማ፣ ነፋሱም ከመጠን በላይ ያልጠነከረ ይሻላል። አጥንቱ የተያያዘ ሰው አንገቱን እንደ በፊቱ ዞር ማድረግ ላይችል ስለሚችል ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ የሚያሳየው መስታወት ያስፈልገዋል። ይቺን መስታወት የሚንቅ ካለ ከአይሱዙው ጋር ይነጋገር።

ያን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላም የሚጀመረው ቆሞ ከሚረገጥ ሳይክል ወይም ከአጭር ሜዳ መንገድ ነው። አንድ ሰው ይዞ፣ ሌላው ከጎን ሆኖ አቀማመጡን እያየ። ከዚያ ቀናት ቆይቶ ማየት፤ አንገቱ በማግስቱ ምን አለ? እጅ ላይ መደንዘዝ፣ ጣት ላይ መውረር፣ እግር መዛል፣ ወይም አንገት ሲደፋ ጀርባ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ከመጣ ወዲያው ወርዶ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሜክሲኮ ላይ አበበ 17ኛው ኪሎ ሜትር ጋ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥም ያልቻለ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ሳይክል አለለት፤ እግሩ የማይሠራው በከተሞቻችን የምናየው በእጅ የሚዘወረው አለለት። ያንን ሳይክል የልመና ዕቃ አድርጎ የሚያይ ካለ ይወቅ፤ በእጅ የሚነዳ ሳይክል ከአቴንሱ 2004 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር ነው፣ ወርቅ ይሸለሙበታል።

አበበ ምን መረጠ? ቀስት። የሚገርመው ምርጫው ከሐኪም ቤቱ አስተሳሰብ ጋር ይገጥማል። ቀስት መሳብ ትከሻንና የላይ ጀርባን ያጠነክራል፣ ዊልቸር ላይ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል፣ ለዚህም ነው ጉትማን መጀመሪያውኑ በእሱ የጀመረው። በ1962 ዓ.ም ልምምዱን ተያያዘው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ሜዳሊያ አላመጣም ብሎ የሚከፋ ደጋፊ ካለ ትንሽ ያስብ፤ ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ሆኖ አልጋ ላይ ከተኛ ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ ኖርዌይ መጣች። ሚያዝያ 1963 ዓ.ም። የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ የጠሩት በእንግድነት ነው፤ ተቀምጦ እንዲያይ፣ እንዲጨበጨብለት። ሻምበል አበበ ግን ለማየት የተፈጠረ ሰው አይደለም። በቀስትም በጠረጴዛ ቴኒስም ገባ። ከዚያም በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ውድድር ተመዘገበ። ከጃቶ የመጣ ሰው፣ ያውም በረዶ ላይ! ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር፣ ተወዳዳሪዎቹ 16። ተንሸራታች ላይ እግር ምንም አያደርግም፤ የሚሠራው ክንድ፣ ትከሻና ሚዛን ነው። እነዚያን ደግሞ በቀስቱ ሲያበጃቸው ከርሟል። በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

ስለዚህ ድል በአገራችን የተጻፈው ከሮም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በኛ ግምት ግን ከሮም እኩል መቆም ያለበት ነው። ሮም ላይ ያሸነፈው በለመደው እግሩ ነበር፤ ኖርዌይ ላይ ግን በሌላ ሰውነት፣ በሌላ ዕቃ፣ አይቶት በማያውቀው መሬት ላይ እንደገና ከዜሮ ተነስቶ ነው።

በ1964 ዓ.ም ነሐሴ ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። በመክፈቻው ዕለት በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበ። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ ከሮም ልክ አስራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው የዘመን መለወጫ ዋዜማ። የሜክሲኮው ጀግና ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ፤ ወርቁን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወሰደ። ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ ሄዶ ዊልቸር ላይ የተቀመጠውን አበበን ጨበጠ።

አበበ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከአደጋው ጋር የተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ገጥሞት ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ አረፈ። 41 ዓመቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ፤ እሳቸውም በተገኙበት፣ 65 ሺህ የሚገመት ሕዝብ አጅቦት፣ በሙሉ ወታደራዊ ክብር በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።